ጅብ የሚሆነው ማን ነው? (ስለ ደብረ ታቦር፣ ስለ ቡዳ እና ስለ አንድ ጨዋታ)

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

አሁን ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ከጓደኞቼ ጋር ጨዋታ እየሠራን ነው፣ በታሪክ በኩል እርዳን» ይላል። ጨዋታው የስልክ ጌም አይደለም። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው «ሆነው» ይገባሉ፣ ዳይስ እየተጣለ ታሪኩ ይቀጥላል። ለማታውቁት፦ ልጅ ሆነን ዕቃ ዕቃ ስንጫወት አንዱ አባት፣ አንዷ እናት፣ አንዱ እንግዳ ይሆን የለም? ያው እሱ ነው፣ ደንብ የተጻፈለት የትልልቆች ዕቃ ዕቃ በሉት።

የእነሱ ታሪክ ቦታው ተራራ ላይ ያለ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። ቀን ትምህርት፣ ካፌ፣ ላይብረሪ። ማታ ጭጋጉ ሲወርድ ከነዋሪው መሃል አንዳንዱ አውሬ ይሆናል። ሐሳቡን ያገኙት ከፈረንጅ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ ዋይት ዎልፍ የተባለ ድርጅት «ወርዎልፍ፦ ዘ አፖካሊፕስ» የሚል ጨዋታ አሳትሞ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተኩላ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። በኋላ በወጡት መጻሕፍቱ ውስጥ ጅብ የሚሆኑ አፍሪካውያንም ገብተዋል፣ «አጃባ» ይባላሉ። (ስሙን መጀመሪያ ሳየው የሠርግ አጃቢ መስሎኝ ነበር።)

የልጁ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «በእኛ አገር ተኩላ የሚሆን ሰው ይባላል ወይ?»

ተኩላ አይባልም። የኢትዮጵያ እውነተኛ ተኩላ ቀይ ቀበሮ ነው፤ በሰሜን ተራሮችና በባሌ ከፍታ ላይ አይጥ ሲያሳድድ የሚውል፣ ከሰው የሚሸሽ ምስኪን እንስሳ። እሱን ፈርቶ ያደረ ገበሬ አላውቅም። እኛ ዘንድ ሰው ይሆነዋል የሚባለው አውሬ ጅብ ነው፤ የሚሆነው ሰው ደግሞ ስም አለው። ቡዳ ይባላል። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነውና ልጁን በሁለት መስመር መመለስ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ደብረ ታቦርን መምረጣቸው ጎበዝ አስብሏቸዋል። ከእኛ ከወረታ ተነሡ እስቲ። ወረታ ማለት የባሕር ዳርና የጎንደር አስፋልት ወደ ወልድያ ከሚወጣው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ፎገራ ሜዳው ጠረጴዛ ነው፤ ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውሃ ይተኛበታል፣ ሩዙ አረንጓዴ ሆኖ ዓይን እስኪያደርስ ይዘረጋል፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ወደ ምሥራቅ ታጥፋችሁ ዓለም በርን ስታልፉ መንገዱ መውጣት ይጀምራል። አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ደብረ ታቦር ስትደርሱ ወደ 900 ሜትር ሽቅብ ወጥታችኋል። ከኋላ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና ቆሟል። ከወረታ በሸሚዝ የሄደ ሰው መናኸሪያ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታወቃል። ጭጋግ፣ ብርድ፣ ሌሊት የጅብ ድምፅ፣ ከየወረዳው የመጡ የማይተዋወቁ ወጣቶች በአንድ ዶርም። ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ታሪክም ሞልቷል። ከተማዋን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው አደረጓት፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ ደግሞ አቃጥለዋት ሄዱ። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። ቴዎድሮስ ሚስዮናውያኑን እነ ቫልድማየርን ሰብስበው መድፍ ያስወለዱበት ቦታ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተቀለጠው እዚያ ነው፤ ከዚያ እስከ መቅደላ ገደል እየተቆረጠ መንገድ እየተሠራ ሲጎተት ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በአገራችን ታሪክ ዝነኛው የብረት ማቅለጫ ማለት ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ።

ልብ በሉልኝ። ንጉሠ ነገሥቱ እሳትና ብረትን ይህን ያህል ሲያከብሩ፣ በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ የገበሬውን ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ተብሎ ይፈራ ነበር። ቡዳ የሚባለው ዝም ብሎ ማንም ሰው አይደለም። ቀጥቃጩ ነው፣ ሸክላ ሠሪዋ ናት፣ ፋቂው ነው፣ ሸማኔው ነው። በእኛ በጎንደር በኩል ደግሞ ብረቱንም ሸክላውንም በብዛት የያዙት ቤተ እስራኤል ነበሩ፣ ያኔ «ፈላሻ» የሚባሉት።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ጀምስ ብሩስን ውሰዱ። ስኮትላንዳዊው ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እና 1771 ጎንደር ነበር፤ ወደ ዓባይ ምንጭ ሲሄድም በጣና ምሥራቅ ዳርቻ፣ በእኛው በኩል አልፏል። ዘመኑ የራስ ሚካኤል ስሑል ነው። የተቀጡ ሰዎች ሬሳ ሳይቀበር መንገድ ላይ ይጣል ስለነበር ከጨለመ እስኪነጋ ከተማው የጅብ ነበር። (ሜጫ ላይ አንድ ሌሊት ድንኳኑ ድረስ ገብቶ ከአልጋው አጠገብ የጧፍ እስር በአፉ ይዞ ያገኘው ጅብም አለ። ጧፉ የሞራ ስለሆነ መሆኑ ነው።) እና ብሩስ የጎንደር ሰው ስለ እነዚህ ጅቦች ምን ይል እንደነበር ጽፎልናል፤ ከአካባቢው ተራራ የሚኖሩ ፈላሾች ናቸው፣ በአስማት ተለውጠው በጨለማ የሰው ሥጋ ለመብላት ይወርዳሉ ይባል ነበር።

እስቲ አስቡት። ሬሳውን መንገድ ላይ የጣለው ቤተ መንግሥቱ ነው። ጅቡ የመጣው ሬሳውን አሽትቶ ነው። ጥፋቱ ግን ተራራው ላይ ድስት የምትሠራው ሴትዮ ሆነ!

ይህ የሆነው ለምንድን ነው? አንዱ መልስ መሬት ነው። በድሮው ሥርዓት ርስት የሌለው ሰው ሰው አይደለም። ቤተ እስራኤል ክርስትና ካልተነሡ ርስት እንዳይኖራቸው ተደርገው ወደ እጅ ሥራ ተገፉ፤ እጅ ሥራው ደግሞ መልሶ አስናቃቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ጊዜ ጎንደር ውስጥ እስላሙም ቤተ እስራኤሉም ሰፈሩ እንዲለይ ታዘዘ፤ የካይላ ሜዳ የሚባለው ስም ከዚያ የቀረ ነው። ቀልዱ ደግሞ ግንበኛውና አናጢው ሆነው በጎንደር ግንብ ሥራ ላይ የዋሉት እነሱው መሆናቸው። ከተማውን ከሠራህ በኋላ ከተማው ዳር ተቀመጥ፣ ማታ አትግባ ትባላለህ።

ሌላው መልስ ቅናት ነው። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ መንዝ ላይ ስለ ቡዳ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ጽሑፍ አለ። እኔ በራሴ አነጋገር ላቅርበው፦ መሬት ያለው መሬት የሌለውን ይፈራዋል። «ይሄ ሰው ምንም የለውም፤ ስለዚህ የእኔን ልጅ፣ የእኔን ላም፣ የእኔን ቆንጆ ሚስት ሲያይ ዓይኑ ባዶ አይደለም» ይላል በሆዱ። ዓይኑ ይበላል የተባለው ሰው፣ እውነቱን ካያችሁት፣ የሚበላው ያጣው ሰው ነው።

ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ጠይብ የሚለው ቃል ዛሬ ስድብ ነው። ሥሩ ግን ጠቢብ ነው። እጁ ጥበብ የያዘ ሰው ማለት። ጠቢብን ወደ ስድብ ያወረደ ሕዝብ ጎረቤቱ ኢንዱስትሪ ሲገነባ ለምን ተቸገርን ብሎ ሲገረም አልገባኝም። (ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁልጊዜ አንድ ተማሪ ይስቃል፣ አንድ ተማሪ ደግሞ አንገቱን ይደፋል። አንገቱን የሚደፋውን ነው የማየው።)

የፈረንጅ መንገደኞችም በወሬው ተነክረው ነው የሄዱት። ናትናኤል ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ዓመታት ኖሯል፣ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1831 ወጣ። እዚያ ውስጥ የጓደኛው የኮፊን ታሪክ አለ። የኮፊን አሽከር ቡዳ ነው ይባላል፤ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ ወጣ፤ ወዲያው ሌሎቹ አሽከሮች «እነሆ ጅብ ሆነ!» ብለው ጮኹ። ኮፊን ቢያይ ሰውዬው የለም፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ጅብ እየሮጠ ነው። በማግስቱ አሽከሩ ተመለሰ፤ ሲጠይቁት አልካደም። በጆሮው ጉትቻ ያለው ጅብ ተገደለ የሚለው ወሬም በዚያ ዘመን መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

ልጆች፣ ታሪክ ስታነቡ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቁሙ። አሽከሩ ለምን አልካደም? የተናቀ ሰው አንድ ነገር አለው፣ መፈራት። ቢክድ የሚያምነው የለም፤ ዝም ቢል ግን ማንም ደፍሮ አይመታውም። እኔ ብሆን እኔም ዝም እል ነበር።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ የጥንት ነው ትሉኝ ይሆናል። አይደለም።

ከዓመታት በፊት አስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት (ስሙን ተዉት) የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጠዋት ክፍል ውስጥ ወደቀች። እኔ ሌላ ክፍል እያስተማርኩ ነበር፤ ጩኸት ሰምተን ስንወጣ ልጆቹ ከበዋታል። አንዱ ጤና አዳም አምጥቷል፣ አንዱ ጨርቅ ያጨሳል። «ማነው የበላሽ? ተናገሪ!» ይሏታል። ራሷን እንኳ በቅጡ አላወቀችም። ደጋግመው ሲጮሁባት የአንድ ሰው ስም ጠራች። ስሙ ኋላ ወንበር የምትቀመጥ የክፍሏ ልጅ ስም ነው፤ እናቷ ገበያ ላይ ምጣድና ድስት የምትሸጥ።

ማንም አልመታትም። ማንም አልሰደባትም። ወንበሯን ራቁት፣ በቃ። ዓይኗ ወዳለበት ምሳ የሚከፍት ጠፋ። ሁለት መምህራን ቤቷ ድረስ ሄደን እናቷን አነጋገርን፤ እናትየዋ አመስግና ቡና አፈላችልን፤ ልጅቷ ግን ተመልሳ አልመጣችም። ስም መዝገቡ ላይ «አቋርጣለች» ተብሎ ተጻፈ። የወደቀችው ልጅ ደግሞ በኋላ ጤና ጣቢያ ስትጠየቅ ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል አልቀመሰችም፣ ሁለት ሰዓት በእግሯ መጥታ ነው ክፍል የገባችው። ማንም አልበላትም። ያልበላችው እሷ ናት።

አሁን ወደ ጨዋታው እንመለስ። ፈረንጆቹስ ተኩላ ሰው እያሉ ሲጫወቱ ምን ሆኑ? ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እነሱም ዘንድ ነገሩ ሁልጊዜ ጨዋታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1589 ጀርመን ውስጥ ኮሎኝ አጠገብ ቤድቡርግ በተባለ ቦታ ፔተር ሽቱምፕ የተባለ ሰው ተኩላ እየሆነ ሰው በልቷል ተብሎ፣ በማሠቃያ ላይ ሆኖ አምኖ፣ በአሰቃቂ ሁኔታ ተገደለ። እንዲህ የተከሰሱ ሌሎችም ነበሩ። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ዛሬ ጀርመን ውስጥ «አያትህ ተኩላ ናቸው» ተብሎ ጋብቻ የሚፈርስበት ሰው የለም። ታሪኩ ሞቷል፤ የሞተ ታሪክ ላይ መጫወት ይቻላል። የእኛው ግን አልሞተም። ሽማግሌ ሲላክ «ዘራቸው እንዴት ነው?» ተብሎ ቀስ ተብሎ የሚጠየቀው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ለማስቆም ያልተሞከረ አይምሰላችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል፤ ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ሸማኔ፣ የጻፈውን ጠንቋይ እያለ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል የሚል። ንጉሥ ተቆጥቶ አዋጅ ያወጣበት ስድብ ይኸው ዛሬም አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ከዚያ በላይ ሠራ፤ መሬት ያልነበረው ቀጥቃጭም ሸክላ ሠሪም የገበሬ ማኅበር አባል ሆኖ መሬት አገኘ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የቤተ እስራኤል ጉዳይ ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዘ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ከዋነኞቹ ባለቤቶቿ ተለየች። ጅብ ይሆናሉ የተባሉት ሰዎች በአውሮፕላን ሄዱ። ጅቡስ? ጅቡ እዚሁ ነው፣ ሌሊት ይጮኻል። ቡዳውም አልቀረም፤ ስሙ ለቀሩት ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ተላለፈ። ለተጠርጣሪ ቦታ ያለው ማኅበረሰብ ቦታውን ባዶ አይተውም።

ስለዚህ ለልጁ የጻፍኩለት ይሄ ነው፤ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

ጨዋታውን ሥሩ። አትሥሩ አልልም፤ እንዲያውም የራሳችን ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ደስ ይለኛል። ግን ሕጉን ገልብጡት። ማፍያ የምትባለዋን ጨዋታ ታውቋት የለ? እ.ኤ.አ. በ1986 ሞስኮ ውስጥ ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የሥነ ልቦና ተማሪ ሳለ የፈጠራት ናት፤ በኋላ በተኩላ ሰው ስምም ተሠርታለች። ሌሊት ገዳዮቹ ይገድላሉ፣ ቀን ሰፈሩ ተሰብስቦ ይጠረጥራል፣ ድምፅ ይሰጣል። የተጫወተ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ቀን ተጠርጥረው ከሚወጡት መሃል ብዙዎቹ ንጹሕ ናቸው። ያ ነው የእኛ ታሪክ። አስፈሪው ሌሊቱ ብቻ አይደለም፣ ቀኑ ነው።

ተጫዋቹ ጅብ አዳኝ አይሁን። አንደኛ ዓመት የገባች የሸክላ ሠሪ ልጅ ይሁን። ዶርም ውስጥ «የት ነው አገርሽ? እናትሽ ምን ይሠራሉ?» ስትባል ምን ትመልስ? እዚያ ላይ ዳይስ ጣሉ። አንድ ልጅ ፈተና ሰሞን ሲወድቅ ስሙ የሚጠራው ማን ነው? እዚያም ጣሉ። ሌሊት ከጋፋት በኩል የመዶሻ ድምፅ ይሰማ፤ ሁሉ ሰው ሸሽቶ በሩን ይዝጋ፤ ድፍረት አግኝቶ የሄደ ተጫዋች እዚያ የሚያገኘው ሰው ማረሻ የሚጠግን ይሁን። ጅብ የሚሆን ካስፈለጋችሁ ደግሞ የዕለት እንጀራው ላይ የተቀመጠውን ሳይሆን ሬሳውን መንገድ ላይ የጣለውን አድርጉት።

ስለ እውነተኛው ጅብም አንብቡ። መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት። ሐረር ሄዳችሁ ብታዩ ሰው በእጁ ሥጋ ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ ይሄዳል። ከከተማ የምንጥለውን ጥንብ ባያነሣልን ኖሮ ሽታው አያስኖረንም ነበር።

ለቦታ ጥናት ስትወጡ ደግሞ ዓለም በር ላይ ወርዳችሁ አውራምባን እዩ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው፣ በደርግ ዘመን መጨረሻ ተሰደው ደቡብ ድረስ ሄደው የተመለሱ ሰዎች። ጎብኚ ሁሉ ስለ ሴትና ወንድ እኩልነታቸው ያወራል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ መተዳደሪያቸው ሽመና ነው። ከዚያ በፊት ሸማኔነትን ወንድም ደብቆት በኖረበት አገር፣ ወንዱም ሴቱም እንጎቻ ከተበላ በኋላ እየተሳሳቁ ሸማ ዕቃ ላይ ይቀመጣሉ። የሠሩትን ፎጣና ነጠላ ለጎብኚ ይሸጣሉ። ያንን ጋቢ ለብሶ ቡዳ ይበላኛል ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

በየአካባቢያችሁ ቡዳ የሚባለው በምን ሥራ ላይ ያለ ሰው እንደነበር፣ አያቶቻችሁም ምን መድኃኒት ያደርጉ እንደነበር ጻፉልኝ፤ ለልጆቹ አስተላልፋለሁ። የሰው ስምና የቤተሰብ ስም ግን እንዳትጽፉ፣ አደራ። የተጻፈ ካገኘሁ አጠፋዋለሁ።